ከሐዲዱ ወዲህና ወዲያ፦ የሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ

ከዋሽንግተን ዲሲ ሰሜናዊ ድንበር ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ሜሪላንድ እንደተገባ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ። ጠዋትና ማታ በዚያ ለሚያልፍ ሰው አማርኛ እንግዳ ቋንቋ አይደለም፤ በደረጃው ላይ፣ በአውቶቡስ መጠበቂያው፣ ታክሲ በሚቆምበት ጥግ ይሰማል። ጥቂት በእግር ተሂዶ ከሚደረስበት ከፌንተን ጎዳና ደግሞ እንጀራ ማግኘት ዳቦ ከማግኘት አይከብድም። ጣቢያውን የሚያውቀው ሐበሻ ብዙ ነው፤ ታሪኩን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ታሪኩ ደግሞ የሚታለፍ አይደለም። ዛሬ ሐበሻው እንደ ቤቱ የሚመላለስበት ይህ አካባቢ፣ ባቡሩ ካቀናው በኋላ ለብዙ ዓመታት ጥቁር ሰው ቤት እንዳይገዛበት በውል የታጠረ ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ከምንጭ የመጣ ነው። በ1840 ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር፣ የታወቀ የጋዜጣ ሰውና የፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን የቅርብ አማካሪ የነበረ፣ ከልጁ ከኤልሳቤጥ ጋር በፈረስ ሲንሸራሸር አንድ ምንጭ አገኘ ይባላል። በውሃው ውስጥ ያለው ማይካ የሚባል ማዕድን ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ብር ያብለጨልጭ ነበር። ብሌር መሬቱን ገዝቶ ቤት ሠራበት፤ ስሙንም «የብር ምንጭ» አለው። ሰውየው ባሪያ አሳዳሪ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ የባርነትን መስፋፋት ይቃወም ከነበረው ከሪፐብሊካን ፓርቲ መሥራቾች አንዱ ነው። የአሜሪካ ታሪክ እንዲህ ባለ ሰው የተሞላ ነው። ከዋይት ሐውስ ፊት ለፊት ያለውና ዛሬ የአገር መሪዎች የሚያርፉበት «ብሌር ሐውስ»ም የእሱ ቤት ነበር። ምንጩ ግን ከደረቀ ቆይቷል። በቦታው ያለው መናፈሻ እጅግ ትንሽ ከመሆኑ የተነሳ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል።

እስከ 1873 ድረስ የብሌር ቤተሰብ እርሻና ደን ከነበረው ከዚህ አገር ከተማ ይበቅላል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ዋሽንግተን ራሷ በባቡር ነገር የተበደለች ከተማ ነበረች። ከምዕራብ የሚመጣ መንገደኛ መጀመሪያ ወደ ባልቲሞር አቅጣጫ ተወስዶ፣ ከዚያ ተመልሶ ነበር ዋና ከተማው የሚገባው። ባልቲሞር ኤንድ ኦሃዮ የተባለው ኩባንያ ይህን ዙሪያ ጥምጥም የቆረጠው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነው። ከዋሽንግተን ተነስቶ በሰሜን ምዕራብ እስከ ፖይንት ኦቭ ሮክስ የሚሄድ፣ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም «የሜትሮፖሊታን ቅርንጫፍ» ዘረጋና በግንቦት 1873 ሥራ አስጀመረ። በኢትዮጵያ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘውድ ከጫኑ ገና በሁለተኛው ዓመት መሆኑ ነው። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው ከዚህ 44 ዓመት ዘግይቶ ነው።

ኩባንያው ሐዲዱን የዘረጋው ለረጅም መንገድ ነበር። ነገር ግን ባቡር በቆመበት ሁሉ ሰው መስፈሩ አይቀርም። ለገሃር የፈረንሳይኛ የጣቢያ ስም ሆኖ ሳለ በአዲስ አበባ የሰፈር ስም እንደሆነው ማለት ነው። በዋሽንግተን ዳርቻ የሆነው ግን በዘፈቀደ አልነበረም፤ የታሰበበት ንግድ ነበር። በበጋ የከተማዋ ሙቀትና ወባ የሚያስመርረው የመንግሥት ሠራተኛ ከፍ ባለ መሬት ላይ ነፋሻ ቤት ይፈልጋል፤ ደመወዙ ሠረገላ ለማቆም አይበቃም፤ የባቡር ትኬት ለመግዛት ግን ይበቃል። ይህን አስልቶ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ጊልበርት የተባለ ነጋዴ በ1883 ሐዲዱ አጠገብ መሬት ገዝቶ ታኮማ ፓርክን ቆረቆረ። ኬንሲንግተንና ጋሬት ፓርክም ከዚያው ሐዲድ ተወለዱ። በሲልቨር ስፕሪንግ የመጀመሪያው የጡብ ጣቢያ በ1878 ተሠራ፤ ንድፉ የኩባንያው ዋና አርክቴክት የነበረው የፍራንሲስ ባልድዊን ነው። ባልድዊን በዚህ መስመር ላይ የሠራቸው ሌሎች ጣቢያዎች ዛሬም ቆመው ይታያሉ። የሲልቨር ስፕሪንጉ ግን ለዘመናችን አልደረሰም።

ከጣቢያው በስተምዕራብ፣ በእግር በሚደረስበት ርቀት፣ ከባቡሩም የሚቀድም ሰፈር አለ። ሳሙኤል ሊተን የተባለ ነጻ ጥቁር ሰው በ1853፣ ባርነት ሕግ በነበረበት አገር፣ ከ4 ኤከር ጥቂት የሚበልጥ መሬት በስሙ ገዛ። በዚያ ዙሪያ የበቀለው የጥቁሮች መንደር ሊተንስቪል ተባለ። ሐዲዱ ሲመጣ መንደሩን ከሰሜን ምሥራቁ ወገን ለየው። በወዲያኛው በኩል ኋላ ዉድሳይድና ሰሜን ዉድሳይድ የተባሉ የነጭ ሰፈሮች ተሠሩ። በወዲህኛው በኩል ሊተንስቪል ቀረች፤ መንገዷ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና ከዚያም በኋላ ጭቃ፣ የቧንቧ ውሃና የፍሳሽ መስመርም ጎረቤቶቿ ካገኙት ከብዙ ጊዜ በኋላ የደረሳት።

ይህ ልዩነት በልማድ ብቻ የቆመ አልነበረም። ከ1920ዎቹ ጀምሮ የብሌር ዝርያ የሆነው ብሩክ ሊ፣ የፖለቲካም የመሬትም ሰው፣ የቤተሰቡን ርስት እየሸነሸነ ሲልቨር ስፕሪንግን ከተማ አደረገ። «የዘመናዊት ሲልቨር ስፕሪንግ አባት» የሚሉት ለዚህ ነው። እሱና ሌሎቹ የቤት ነጋዴዎች በሚሸጡት መሬት ውል ላይ አንድ አንቀጽ ያስገቡ ነበር፦ ቤቱ ለጥቁር ሰው አይሸጥም፣ አይከራይም። በብዙዎቹ ውሎች ላይ የተፈቀደው ብቸኛ ጥቁር የቤት ሠራተኛ ነው፤ ያውም ለጌታው እያገለገለ እስከኖረ ድረስ። አንዳንዱ ውል አይሁዶችንም ይጨምራል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት አይችሉም ብሎ ወሰነ፤ በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘርን መለየት በፌዴራል ሕግ የተከለከለው ግን በ1968 ነው። ሰነዶቹ ዛሬም በመዝገብ ቤት አሉ። አሁን ከእነዚህ ቤቶች አንዱን የገዛ ኢትዮጵያዊ የቤቱን የቆየ ውል ቢያስፈልግ፣ እሱን ራሱን የሚያግድ አንቀጽ ሊያገኝበት ይችላል።

ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኝ ድልድይ በ1918 ተሠርቶ ነበር። ታልቦት አቬኑ ድልድይ ይባላል። አሠራሩ የባቡር ሰው ብልሃት ያለበት ነው፤ የባቡር ኩባንያው የባቡር ሞተሮችን አቅጣጫ ለማዞር ይጠቀምበት የነበረውን አሮጌ ብረት አንስቶ በሐዲዱ ላይ አጋደመው። አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ፣ ወለሉ ሳንቃ የሆነና መኪና ሲያልፍበት የሚንጓጓ ድልድይ ነበር። የሊተንስቪል ሰው ወደ ሥራው፣ ወደ ሱቅና ወደ አውቶቡስ የሚሻገረው በእሱ ላይ ነው። መገብየት ይችላል፤ በሚገበይበት ሰፈር መኖር ግን አይችልም። ድልድዩ የከተማዋን ጠባይ ከየትኛውም ሰነድ ይልቅ አሳምሮ ያሳያል።

የ1878ቱ ጣቢያ አርጅቶ ሲፈርስ በዚያው መሠረት ላይ በ1945 አዲስ ተሠራ። አሁን በጆርጂያ ጎዳና ዳር የምትታየው ዝቅ ያለች የጡብ ቤት እሷ ናት። ጊዜዋ አጭር ነበር። በጦርነቱ ዘመን ባቡሩ ሰው አይችልም ነበር፤ ከዋሽንግተን ሺካጎ የሚሄደው «ካፒቶል ሊሚትድ» ሳይቀር እዚህ ይቆማል፤ የሰሜን ዳርቻው ነዋሪ ሻንጣውን ይዞ ወደ መሃል ከተማ ሳይወርድ ከዚሁ ይሳፈር ነበር። ጦርነቱ አልቆ ሁሉም መኪና ሲገዛ ግን የጣቢያው ሥራ ቀዘቀዘ። በ1947 ሔክትስ የተባለው ትልቅ መደብር ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ሲከፈት ለገበያተኛው ያዘጋጀው የመኪና ማቆሚያ ነበር፤ ባቡሩን ያሰበው የለም። በ1971 የረጅም መንገድ ተሳፋሪ ማጓጓዙ ከግል ኩባንያዎች እጅ ወጥቶ አምትራክ ለተባለው መንግሥታዊ ድርጅት ሲሰጥ፣ ለአሮጌዋ ጣቢያ የቀራት የጠዋትና የማታ የሠራተኛ ባቡር ነበር።

በመካከሉ አንድ ነገር ማንሳት ይገባል። በ1961 የቻድ አምባሳደር በሜሪላንድ አውራ ጎዳና ላይ በአንድ ምግብ ቤት አንስተናግድም ተብለው ተመለሱ። ነገሩ ዋይት ሐውስ ደረሰ፤ አዲስ ነጻ ከወጡት የአፍሪካ አገሮች ለመጡት ዲፕሎማቶች ዋሽንግተንና ዳርቻዋ ቤት መከራየትም ቡና መጠጣትም የሚያስቸግሩ ነበሩ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በጥቅምት 1 ቀን 1963፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ዋሽንግተን ገቡ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዩኒየን ጣቢያ ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው፤ ሠራዊት ተሰለፈ፤ መዝሙር ተዘመረ። ከዚያው ጣቢያ የሜትሮፖሊታንን ቅርንጫፍ ይዞ በባቡር ጥቂት ደቂቃ ቢኬድ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዜጋ የሆነ ተማሪ ቤት ልከራይ ቢል በሩ የሚዘጋበት አገር ይደረስ ነበር።

ሜትሮ የመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። ቀዩ መስመር በ1976 በመሃል ከተማ ተከፍቶ በየካቲት 6 ቀን 1978 ሲልቨር ስፕሪንግ ደረሰ፤ በዚህ መስመር የሜሪላንድ የመጀመሪያው ጣቢያ ሆነ። መሐንዲሶቹ አዲስ መንገድ አልቆፈሩም። ከከተማው ሲወጣ ሜትሮው በ1873ቱ ሐዲድ መሃል ገብቶ ነው የሚሄደው፤ የጭነት ባቡሩ ግራና ቀኝ፣ ሜትሮው በመሃል። ጣቢያው ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው በአንድ ጊዜ የከሰል ፉርጎና የሠራተኛ ባቡር ጎን ለጎን ሲያልፉ ማየት የተለመደ ነው። ለ12 ዓመት ተኩል የመስመሩ መጨረሻ እዚህ ነበር። በ1990 ወደ ፎረስት ግሌንና ዊተን ሲቀጥል ከዚህ አልፎ መሬት ውስጥ ይጠልቃል፤ ፎረስት ግሌን 60 ሜትር ያህል ጥልቀት ስላለው ያለ ሊፍት አይወጣም፣ አይወረድም።

የመስመር መጨረሻ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ባቡሩ ከዚህ በላይ ስለማይሄድ ሁሉም እዚህ ይወርዳል፤ አውቶቡስ እዚህ ይይዛል። የሞንትጎመሪ አውራጃ ራይድ ኦን የተባሉትን አውቶቡሶች በ1975 ማሰማራት የጀመረው ከዚሁ አካባቢ ነው። መኪና የሌለው ሰው ሊኖርበት የሚችል የከተማ ዳርቻ ማለት ይህ ነው፤ በአሜሪካ ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ የለም።

ሐበሻው የመጣበት በር ይህ ሳይሆን አይቀርም። በ1974ቱ አብዮትና በቀይ ሽብር የተሰደደው ትውልድ መጀመሪያ የሰፈረው በከተማው ውስጥ፣ በአዳምስ ሞርጋንና ኋላም በዩ ጎዳና አካባቢ ነው። የ1980ው የስደተኞች ሕግ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም ዲቪ፣ ቁጥሩን አበዛው። የከተማው ኪራይ ሲንር፣ ልጅ ሲወለድና ጥሩ ትምህርት ቤት ሲፈለግ፣ ሰው በሐዲዱ ወደ ሰሜን ወጣ። የሌሊት ሥራ ያለው፣ ሆቴል የሚሠራ፣ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ፣ ኮሌጅ የሚማር ሁሉ የሚፈልገው ከጣቢያው ቅርብ የሆነ አፓርታማ ነው። በዚያ ላይ የሲልቨር ስፕሪንግ መሃል ከ1960ዎቹ ጀምሮ እየተዳከመ ሄዶ ስለነበር ሱቅ በርካሽ ይከራይ ነበር። የከተማ መዳከም ለባለርስቱ ኪሳራ ነው፤ ለአዲስ መጤ ግን ዕድል ነው። የመጀመሪያው ምግብ ቤት ከተከፈተ በኋላ ሁለተኛው፣ ከዚያ ባልትናው፣ ከዚያ ፀጉር ቤቱ፣ ገንዘብ መላኪያው ይከተላል። የሞንትጎመሪ አውራጃ በ2012 ከጎንደር ጋር የእህት ከተማ ዝምድና ፈጠረ፤ የአውራጃው ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች የሚልኩትን ማስታወቂያ ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ብሩክ ሊ መሬቱን ሲሸነሽን ይህ በሐሳቡ አልነበረም።

ስለዚህ ጣቢያ ሲነሳ የማይዘለል አንድ ምሽት አለ። አርብ፣ የካቲት 16 ቀን 1996፣ በረዶ እየጣለ፣ ማርክ የሚባለው የሜሪላንድ የሠራተኛ ባቡር ከብረንዝዊክ ወደ ዋሽንግተን እየወረደ ነበር። ተሳፋሪው ጥቂት ነው፤ ከእነሱ ውስጥ ሐርፐርስ ፌሪ ከሚገኝ የመንግሥት የሙያ ማሠልጠኛ ለእረፍት ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ወጣቶች ነበሩ። ባቡሩ በሞተሩ ከኋላ እየተገፋ ስለሚሄድ ከፊት ያለው የተሳፋሪ ፉርጎ ነው፤ ነጂውም የተቀመጠው በዚያ ነው። ኬንሲንግተን ከመቆሙ በፊት ያለው የምልክት መብራት «ፍጥነት ቀንስ፣ ቀጥሎ ለመቆም ተዘጋጅ» ይል ነበር። ባቡሩ ኬንሲንግተን ቆሞ ተሳፋሪ ሲያስተናግድ ምልክቱ ከነጂው አእምሮ ጠፋ። ሲነሳ እንደ ወትሮው ፈጠነ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከመድረሱ አንድ ማይል ገደማ ሲቀረው፣ ጆርጅታውን መገናኛ በተባለው ቦታ፣ ቀዩ መብራት ሲታየው ፍሬን ያዘ፤ ጊዜው ግን አልፏል። ወደ ሺካጎ የሚሄደው የአምትራክ ካፒቶል ሊሚትድ ሐዲድ እየቀየረ ነበርና ተጋጩ። የአምትራኩ ነዳጅ ፈስሶ እሳት ተነሳ። 8 ሠልጣኞችና 3ቱ የማርክ ሠራተኞች፣ በድምሩ 11 ሰው አለቀ።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ጥፋቱን ምልክቱን በመርሳት ብቻ አላቆመውም። ቀደም ሲል በመስመሩ ላይ የምልክቶች አቀማመጥ ተቀይሮ ነበር፤ ለውጡ ሰው ሊረሳ እንደሚችል ሳይታሰብበት የተደረገ ነው። ፉርጎው ውስጥ ያሉት ሰዎች በቀላሉ ሊወጡ የሚችሉበት በርና መስኮት እንዲኖር የሚያስገድድ በቂ ደንብ አለመኖሩም ለሞት አስተዋጽኦ አድርጓል ብሏል። ዛሬ በአሜሪካ የሠራተኛ ባቡር የሚሳፈር ሰው በመስኮቱ ላይ የሚያየው የማምለጫ ምልክትና በጨለማ የሚያበራው ጽሑፍ ከእነዚያ ወጣቶች ሞት በኋላ በወጡ ደንቦች የመጣ ነው። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 22 ቀን 2009፣ በዚሁ ሐዲድ ታኮማንና ፎርት ቶተንን በሚያገናኘው ክፍል ሁለት የሜትሮ ባቡሮች ተጋጭተው 9 ሰው ሞተ። ያኔ የረሳው ሰው አልነበረም፤ በሐዲዱ ላይ ባቡር መኖሩን የሚያሳውቀው መሣሪያ ነበር።

አሮጌዋ ጣቢያ ከመፍረስ የተረፈችው ለጥቂት ነው። የሐዲዱ ባለቤት የሆነው ሲኤስኤክስ ኩባንያ በ1998 ለአካባቢው የቅርስ ጥበቃ ማኅበር አስተላለፋት፤ ማኅበሩ አድሶ ለስብሰባና ለድግስ ያከራያታል። የማርክ ባቡርም ከእሷ ተነስቶ ወደ ሜትሮው ጎን ተዛወረ። በሥራ ቀናት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ጠዋት ወደ ዋሽንግተን፣ ማታ ወደ ብረንዝዊክና ማርቲንስበርግ። ቅዳሜና እሑድ በማርክ ወደ ምዕራብ መሄድ ያማረው ሰው መኪና ይለምናል። ሐዲዱ የሲኤስኤክስ እስከሆነ ድረስ ለጭነት ባቡር ቅድሚያ መሰጠቱ አይቀርምና ይህ በቅርብ የሚለወጥ አይመስልም። አውቶቡሶቹ ከ2015 ጀምሮ የሚቆሙበት በሴናተር ፖል ሳርቤንስ ስም የተጠራው ትልቅ መናኸሪያም ከታቀደለት አራት ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነው የተከፈተው፤ ኮንክሪቱ ተሰነጣጥቆ እንደገና ሲጠገን ነበር። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈሶበት ክረምቱን ሙሉ ባዶውን የቆመ ሕንፃ ሥር ብርድ እየበላው አውቶቡስ ይጠብቅ የነበረ ሰው ይህን አይረሳም።

አሁን ሐምራዊ መስመር የሚባለው አዲስ ቀላል ባቡር እየተሠራ ነው፤ ከቤተዝዳ እስከ ኒው ካሮልተን 26 ኪሎ ሜትር፣ 21 ጣቢያ። ሥራው በ2017 ተጀምሮ፣ በ2020 ተቋራጩ ጥሎ ወጥቶ፣ ሌላ ተቋራጭ ተተክቶ ቀጥሏል። በሲልቨር ስፕሪንግ ከሜትሮው በላይ ከፍ ብሎ ያልፋል። ሊተንስቪል የራሷ ጣቢያ ይኖራታል። በዚህ የማይደሰት የለም ማለት ግን አይቻልም፤ ከጣቢያ ጋር የቤት ዋጋ ይመጣል፤ ውሉ ያላስወጣውን ሰው ኪራይ ሊያስወጣው ይችላል። በፌንተን ጎዳና ያሉ የሐበሻ ሱቆችም ከዚሁ ስሌት ውጭ አይደሉም።

የታልቦት አቬኑ ድልድይ ለዚህ መስመር ሲባል በ2019 ፈረሰ። ከዚያ በፊት፣ በ2018፣ መቶኛ ዓመቱ ነበር። የሁለቱም ወገን ነዋሪዎች ድልድዩ ላይ ወጥተው አብረው አከበሩ፤ በሊተንስቪል ያደጉ ሽማግሌዎች ድሮ ለመሻገር ብቻ ይረግጡት በነበረው ሳንቃ ላይ ቆመው ተናገሩ። ከብረቱ የተወሰነው ለመታሰቢያ እንዲሆን ተነስቶ ተቀምጧል። አዲሱ ድልድይ ሰፊ ነው፤ ሁለት መኪና ያሳልፋል፤ የእግረኛ መንገድም አለው።